2147483647፦ በእድሩ መዝገብ ላይ የተደጋገመው ቁጥር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «በዳላስ ከተማ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። የአባላቱን ዝርዝር ከቆየው የኮምፒውተር ፋይል ወደ አዲስ የመዝገብ ሥርዓት ስናዛውር የብዙዎቹ ስልክ ቁጥር ጠፍቶ በሁሉም ቦታ 2147483647 የሚል አንድ ቁጥር ተተካ። በዋሽንግተንና በሲያትል የሚኖሩት አባሎቻችን ቁጥር ግን አብዛኛው ደኅና ነው። ‹መዝገባችንን የጠለፈው ሰው አለ› የሚሉ አሉ፤ ቁጥሩ የዳላስ ስልክ ስለሚመስል እንደውልበት ያሉም ነበሩ። ሁለተኛ ደረጃ የሚማረው ልጄ ደግሞ ‹ይህ እኮ ፕራይም ቁጥር ነው፤ በሒሳብ ታሪክ የታወቀ ነው› ይለኛል። ቁጥሩ ከየት መጣ? ይህን የሚያህል ቁጥር በሌላ ቁጥር እንደማይካፈልስ በምን ይታወቃል? ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉ?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መዝገባችሁን የጠለፈው የለም፤ በቁጥሩም ባትደውሉበት ይሻላል፤ ምናልባት ስለ እድራችሁ ምንም የማያውቅ ሰው ያነሣው ይሆናል። የሆነው ነገር አዲሱ ሥርዓት የስልክ ቁጥርን እንደ ብዛት ቆጥሮ ለእያንዳንዱ ቁጥር 32 ቢት ብቻ የሚይዝ ቦታ መመደቡ ነው። ቢት የሚባለው 0 ወይም 1 ብቻ የሚቀመጥበት ከሁሉ ያነሰው የኮምፒውተር ማኖሪያ ሲሆን፣ ከ32ቱ አንዱ ቁጥሩ ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ መሆኑን ለመለየት ይውላል። ሠላሳ አንዱ ቀሪዎች በሙሉ 1 ሲሆኑ የሚገኘው ቁጥር ደግሞ 2³¹ − 1፣ ማለትም 2,147,483,647 ነው። በግዕዝ አኃዝ ለመጻፍ የሚወድ ቢኖር ፳፩፼፵፯፻፵፰፼፴፮፻፵፯ ብሎ ሊጽፈው ይችላል።

ከዚህ የሚበልጥ ቁጥር ሲመጣባቸው አንዳንድ የመረጃ ቋቶች ስህተት ነው ብለው ይመልሱታል፤ አንዳንዶቹ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይዞሩና ኔጌቲቭ ቁጥር ይጽፋሉ፤ የእናንተን የመሰሉት ደግሞ የመጨረሻውን ቁጥር መዝግበው ዝም ብለው ያልፋሉ፤ ጣሳ ከሞላ በኋላ የቱንም ያህል ቢጨመርበት የሚይዘው በልኩ ብቻ እንደሆነ ማለት ነው። የዋሽንግተንና የሲያትል አባላት የዳኑበት ምክንያትም ከዚሁ ይመነጫል። የአሜሪካ ስልክ ቁጥር ዐሥር አኃዝ ስላለው የዋሽንግተኑ 202 እና የሲያትሉ 206 ሲጀምሩ የሚገኙት ቁጥሮች ከጣሪያው በታች ያርፋሉ፤ የሜሪላንዱ 301፣ የአትላንታው 404፣ የቨርጂኒያው 703 እና የእናንተው የዳላስ 469 እና 972 ግን ሁሉም ይበልጡታል። በ214 የሚጀምሩት ለሁለት ይከፈላሉ፤ ቀጥለው የሚመጡት ሦስት አኃዞች ከ748 የሚያንሱት ሲተርፉ የሚበልጡት ይቆረጣሉ። የጠፉት ቁጥሮች ከአዲሱ መዝገብ ተመልሰው አይገኙም፤ ከአሮጌው ፋይል እንደገና መገልበጥና ቦታውን ከቁጥር ወደ ጽሑፍ ማስቀየር ያስፈልጋል። ስልክ ቁጥር ማንም የማይደምረውና የማያባዛው ስለሆነ ከመጀመሪያውም እንደ ስም መጻፍ ነበረበት። የኢትዮጵያ ቁጥሮች 251 ተጨምሮባቸው ሲጻፉ ዐሥራ ሁለት አኃዝ ስለሚሆኑ በእንዲህ ያለ ቦታ አንዳቸውም አይተርፉም።

አሁን ወደ ልጅዎ እንምጣ። ልጅዎ ልክ ብሏል፤ 2,147,483,647 ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቁጥር የለም። እንዲህ ያለው ቁጥር በአማርኛ ብቸኛ ቁጥር ይባላል። ይህን ያረጋገጠው የስዊዘርላንዱ ተወላጅ ሊዮናርድ ኦይለር ሲሆን፣ ውጤቱን ከታዋቂው የበርኑሊ ቤተሰብ ለአንዱ በጻፈው ደብዳቤ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1772 ነው። በዚያን ጊዜ ኦይለር በሴንት ፒተርስበርግ የሚኖር፣ ዕድሜው ስድሳ አምስት የደረሰና የዓይኑን ብርሃን አጥቶ ሊጨርስ የተቃረበ ሰው ነበር። እንደ እኔ ግምት የዚህ ቁጥር ታሪክ ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ አሠራሩን በጥቂቱ ዘርዘር አድርጌ ላሳይ።

አንድ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ለማወቅ ቀጥተኛው መንገድ ከእሱ በሚያንሱ ብቸኛ ቁጥሮች እያካፈሉ መሞከር ነው። እስከ ቁጥሩ ዳግም ዘር (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን እስከሚሰጠው) ድረስ መሞከር ይበቃል፤ ምክንያቱም አንድ ቁጥር ለሁለት ቁጥሮች ብዜት ከተከፈለ ከሁለቱ አንዱ የግድ ከዳግም ዘሩ አይበልጥም። የኛ ቁጥር ዳግም ዘር ከ46,340 በጥቂት ይበልጣል። እስከዚያ ድረስ ከ4,700 በላይ ብቸኛ ቁጥሮች ስላሉ ይህን ሁሉ ማካፈል በእጅ ለሚሠራ ሰው የወራት ልፋት ነው። ኦይለር ግን ማካፈል ከመጀመሩ በፊት፣ ይህን ቁጥር የሚያካፍል ቁጥር ቢኖር ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ጠየቀ።

አካፋይ የሚሆን ብቸኛ ቁጥር አለ እንበልና መ ብለን እንጥራው። መ ቁጥራችንን ያለ ቀሪ ካካፈለ 2³¹ ለመ ሲካፈል 1 ይተርፋል ማለት ነው። የፈረንሳዩ ፒየር ደ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ባገኘው ሕግ መሠረት ደግሞ፣ መ ጎዶሎ ብቸኛ ቁጥር ከሆነ፣ 2 ከመ በአንድ ያነሰ ቁጥር ያህል ጊዜ ተባዝቶ ለመ ሲካፈል እንዲሁ 1 ይተርፋል። 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያልን እያባዛን ለመ ስናካፍል ለመጀመሪያ ጊዜ 1 የሚተርፍበት ቦታ አለ፤ ከዚያ በኋላ 1 የሚተርፍባቸው ቦታዎች ሁሉ የዚያ የመጀመሪያው ቦታ ብዜቶች ናቸው። 31ኛው ቦታ ላይ 1 ስለሚተርፍ የመጀመሪያው ቦታ 31ን የሚያካፍል መሆን አለበት። 31 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ ምርጫው 1 ወይም 31 ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ቦታ ላይ የሚተርፈው 2 እንጂ 1 ስላልሆነ 31 ይሆናል። ስለዚህ ከመ በአንድ የሚያንሰው ቁጥር የ31 ብዜት ነው፤ መ ጎዶሎ ስለሆነም የ62 ብዜት ነው። በዚህ ብቻ ከስድሳ ሁለት ቁጥሮች ስድሳ አንዱ ወደቁ።

ኦይለር በዚህ አልቆመም። 2³¹ ለመ ሲካፈል 1 ከተረፈ 2³² ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ 2³² ደግሞ 2¹⁶ በራሱ ተባዝቶ የሚገኝ ነው። በሌላ አነጋገር ከመ አንጻር 2 የአንድ ቁጥር ዳግም ብዜት ሆኖ ይታያል፤ ይህ የሚሆነው ለ8 ሲካፈሉ 1 ወይም 7 ለሚተርፋቸው ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ነው። ሁለቱ ሁኔታዎች ሲጣመሩ፣ አካፋይ የሚሆን ቁጥር ለ248 ሲካፈል የግድ 1 ወይም 63 ሊተርፈው ይገባል። እስከ 46,340 ድረስ እንዲህ ያሉት ቁጥሮች 63ን ከተውነው 372 ብቻ ናቸው፤ ከእነሱም ብቸኛ ቁጥር የሆኑት መቶ እንኳ አይሞሉም። ልጅዎ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሊጀምር ይችላል፤ መጀመሪያ የሚሞከረው 311 ነው፤ ቁጥራችን ለ311 ሲካፈል 6,905,092 ይደርስና 35 ይተርፋል። ቀጣዩ 1,303 ነው፤ በእሱ ሲካፈል 226 ይተርፋል። ኦይለር እስከ መጨረሻው ሄዶ አንዱም ያለ ቀሪ እንደማያካፍል አየ። ከ4,700 በላይ የነበረው ሥራ ከመቶ በታች ሆነ፤ ማረጋገጫውም እንደ ሙሉው ያህል የጸና ነው፤ የቀሩት ቁጥሮች የተተዉት በግምት ሳይሆን አካፋይ ሊሆኑ እንደማይችሉ አስቀድሞ ስለታወቀ ነው።

ከኦይለር በፊት ስለዚህ ቁጥር የተነገረ ነገር አልነበረም ማለት አይደለም። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ እስከ 257 ካሉት ቁጥሮች የትኞቹ ከ2 ራስጌ ተጽፈው 1 ሲቀነስ ብቸኛ ቁጥር እንደሚሰጡ ዘርዝሮ፣ 31ን ከመካከላቸው አስገብቶት ነበር። በዝርዝሩ ውስጥ 67 እና 257 ያለቦታቸው የገቡ ሲሆን 61፣ 89 እና 107 ደግሞ ተረስተዋል፤ ሆኖም ስለ 31 የተናገረው ልክ ነበር፤ እንዲህ ያሉት ቁጥሮችም እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራሉ። ራስጌ የሚጻፈው ቁጥር፣ ማለትም አርቢው፣ ብቸኛ ካልሆነ ውጤቱ ፈጽሞ ብቸኛ አይሆንም፤ አርቢው ብቸኛ ስለሆነ ብቻ ግን ውጤቱ ብቸኛ ይሆናል ማለት አይቻልም። ለምሳሌ 2¹¹ − 1 = 2,047 ሲሆን ይህም 23 በ89 ተባዝቶ የሚገኝ ነው። በዚህ ላይ በየትምህርት ቤቱ የሚሳሳቱ ብዙ ስለሆኑ ልጅዎ ቢጠነቀቅ መልካም ነው።

ኦይለር ካረጋገጠበት ጊዜ ጀምሮ ይህ ቁጥር ለ95 ዓመታት ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1867 ፈረንሳዊው ፎርቲኔ ላንድሪ 3,203,431,780,337 ብቸኛ መሆኑን ሲያሳይ ነው ቦታውን የለቀቀው። ከዚያ በፊት፣ በ1811፣ እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው በዚህ ቁጥር አማካይነት የሚገኘውን ፍጹም ቁጥር ጠቅሶ፣ እንዲህ ያሉት ነገሮች ከመገረም በቀር ጥቅም ስለሌላቸው ከእሱ የሚበልጥ ለመፈለግ የሚደክም ሰው አይኖርም ብሎ ነበር። ፍጹም ቁጥር የሚባለው ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ተደምረው ራሱን የሚሰጡ ነው፤ 6 = 1 + 2 + 3 እንደሆነ ሁሉ ማለት ነው። የኛ ቁጥር በ2³⁰ ሲባዛ የሚሰጠው 2,305,843,008,139,952,128 ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር ነው። ባርሎው በሰው ልጅ ጉጉት ላይ የፈረደው ፍርድ እጅግ የቸኮለ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 የተገኘው የዚህ ዘር ብቸኛ ቁጥር አርቢው 136,279,841 ሲሆን፣ ቁጥሩ ሲጻፍ ከ41 ሚሊዮን የሚበልጡ አኃዞች አሉት።

ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ስንመለስ፣ በእድሩ መዝገብ የተፈጠረው ችግር ቁጥሩ ብቸኛ ከመሆኑ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ኮምፒውተር የሚሠሩ ሰዎች 32ን የመረጡት 2 በየጊዜው በእጥፍ እያደገ 8፣ 16፣ 32፣ 64 ስለሚሄድ ነው፤ አንዱ ቢት ለምልክት ሲነሣ 31 መቅረቱና 31 ከመርሴን አርቢዎች አንዱ መሆኑ አጋጣሚ ነው። ይህን ለማየት ጎረቤቶቹን መመልከት ይበቃል። በ8 ቢት የሚገኘው ጣሪያ 127 ብቸኛ ነው፤ በ16 ቢት የሚገኘው 32,767 ግን 7፣ 31 እና 151 ተባዝተው የሚሰጡት ነው፤ በ64 ቢት የሚገኘው 9,223,372,036,854,775,807 ደግሞ ለ7 ይካፈላል። የኮምፒውተሩ ጣሪያ ብቸኛ ቁጥር ባይሆን ኖሮም ስልኮቻችሁ እንዲሁ ይጠፉ ነበር።

ይሁን እንጂ ብቸኛነቱ ጥቅም የሰጠበት ሌላ ቦታ አለ። ኮምፒውተር ዕጣ እንደሚያወጣ ሰው በዘፈቀደ የተገኙ የሚመስሉ ቁጥሮች እንዲሰጥ ሲፈለግ፣ ከቀላሎቹ ዘዴዎች አንዱ ያለውን ቁጥር በ16,807 አባዝቶ ለ2,147,483,647 ማካፈልና የተረፈውን መውሰድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ፓርክና ሚለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እንደ ዝቅተኛ መለኪያ እንዲያዝ ያቀረቡት ይህንኑ ነው። አካፋዩ ብቸኛ በመሆኑና 16,807 (ይኸውም 7⁵) በአግባቡ በመመረጡ፣ ስሌቱ ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር አንዳንድ ጊዜ ብቻ ጎብኝቶ ነው ወደ መነሻው የሚመለሰው። አካፋዩ ተካፋይ ቁጥር፣ ማለትም ብቸኛ ያልሆነ፣ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አንድም ሳይቀር መዞር አይቻልም ነበር። ዛሬ ለምስጢር ጥበቃ የሚበቃ ዘዴ ባይሆንም ለማስተማሪያ አሁንም ያገለግላል።

ጥያቄ፦ «በ2030 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት ኮምፒውተሮች ሁሉ ቀን ይሳታሉ የሚል ወሬ በስልኬ ደረሰኝ። እውነት ነው ወይስ የሰው ፈጠራ?» — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ቀኑ እውነት ነው፤ «ሁሉ» የሚለው ግን ትክክል አይደለም። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በግሪንዊች እኩለ ሌሊት ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ነው። ቆጠራው በ32 ቢት ከተያዘ ጣሪያው ከላይ ስንነጋገርበት የቆየነው 2,147,483,647 ይሆናል፤ ይህም 68 ዓመት ከጥቂት ሳምንታት ያህል ነው። የመጨረሻዋ ሰከንድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ትውላለች፤ በእርግጥም የጥምቀት ጠዋት ነው። ከላይ የጻፉልን የዳላስ ጠያቂያችን ዘንድ ገና የከተራ ምሽት ከሦስት ሰዓት ሩብ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ይሆናል። በሚቀጥለው ሰከንድ ያልተስተካከለ ቆጣሪ ወደ ኔጌቲቭ ይዞርና ቀኑን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ከሌሊቱ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ያደርገዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በዙፋን ላይ የነበሩበት ዘመን መሆኑ ነው።

ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ጊዜን በ64 ቢት ስለሚይዙ ስጋቱ አይነካቸውም፤ ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓትም በ32 ቢት መሣሪያዎች ላይ ሳይቀር 64 ቢት የሆነ ጊዜ መያዝ የቻለው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። የሚያሳስቡት ተተክለው የሚረሱት ናቸው፤ የፋብሪካ መቆጣጠሪያዎች፣ የቆዩ የደኅንነት ካሜራዎችና ከግድግዳ ጀርባ ለዓመታት ሲሠሩ የኖሩ ትናንሽ መሣሪያዎች። ይህ ጣሪያ ከዚህ ቀደምም ተነክቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ የአንድ ደቡብ ኮሪያዊ ዘፋኝ ቪዲዮ የተመልካቾቹ ብዛት ከዚህ ቁጥር ሲያልፍ ዩቲዩብ ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት አሳድጎታል። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የኢትዮጵያ አየር መንገድም የሚያበርራቸውን ቦይንግ 787 አውሮፕላኖች በተመለከተ መመሪያ አወጣ፤ ኃይላቸው ለ248 ቀናት ሳይቋረጥ ከቆየ የጄነሬተሮቹ መቆጣጠሪያ በቆጣሪ መሙላት ምክንያት ሊቆም ስለሚችል ከዚያ በፊት ኃይሉ እየተቋረጠ እንዲጀመር የሚያዝ ነበር። በሰከንድ መቶ ጊዜ የሚቆጥር ባለ 32 ቢት ቆጣሪ በ248 ቀናት ተኩል ገደማ ስለሚሞላ ስሌቱ ይገጥማል። በኦይለር ሥራ ውስጥ ካየነው 248 ጋር መመሳሰሉ ግን አጋጣሚ ብቻ ነው፤ ምስጢር የሚፈልጉ ሰዎች እንዳይደክሙበት ከወዲሁ ልንገራቸው።

ጥያቄ፦ «የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። 3 ከ2 ራስጌ ተጽፎ 1 ሲቀነስ 7 ይሰጣል፤ 7 ደግሞ 127ን ይሰጣል፤ ሁሉም ብቸኛ ናቸው። 2,147,483,647 ራሱ ከ2 ራስጌ ቢጻፍ ብቸኛ ቁጥር ይሰጣል?» — ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ጥሩ ጠይቀሻል፤ ቁጥሩ ራሱም የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው። 31 = 2⁵ − 1 የመርሴን ቁጥር ስለሆነ 2,147,483,647 ሁለት ጊዜ የተደረበ የመርሴን ቁጥር ነው። እንዲህ ተደርበው ብቸኛ መሆናቸው የሚታወቁት አራት ብቻ ናቸው፤ 7፣ 127፣ 2,147,483,647 እና ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካ እ.ኤ.አ. በ1876 ያረጋገጠው ባለ 39 አኃዙ 2¹²⁷ − 1። ቀጣዩ አርቢ 8,191 ሲሆን እሱ የሚሰጠው ቁጥር ተካፋይ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1953 በኮምፒውተር ታወቀ፤ 131,071 እና 524,287 የሚሰጧቸውም እንዲሁ ተካፋይ ሆነው ተገኝተዋል።

አንቺ የጠየቅሽው ቁጥር ቢጻፍ 646,456,993 አኃዞች ይኖሩታል። ይህን ያህል ትልቅ ቢሆንም ብቸኛ አለመሆኑ ይታወቃል፤ 295,257,526,626,031 ያለ ቀሪ ያካፍለዋል። ኦይለር ለ31 ያሳየው ሕግ እዚህም ይሠራል፤ አካፋዩ የአርቢው እጥፍ ብዜት ሲደመር 1 መሆን ስላለበት፣ 2 × 68,745 × 2,147,483,647 + 1 ብለሽ አስልተሽ መመሳከሩን ራስሽ ማየት ትችያለሽ። ከዚህ ቀጥሎ በተራው የሚመጣው አርቢ 2⁶¹ − 1 ነው፤ እሱ የሚሰጠው ቁጥር ብቸኛ ይሁን ተካፋይ የሚያውቅ ሰው እስካሁን የለም፤ አካፋይም አልተገኘለትም።